ዋልካ ላይ የቆመ ጋራዥ

ገንዳ ውሃ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ በሄድኩበት ዓመት፣ ከተከራየኋት ክፍል ፊት ለፊት አንዲት ላንድሮቨር በድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጎማ የላትም፣ በር የላትም፣ ሞተሯ ወጥቶ ከጎኗ ሸራ ለብሷል። የቀረው ዕቃዋ በሰሊጥ ጆንያዎች ገብቶ ከኒም ዛፉ ሥር ተደርድሯል። ባለቤቷ አከራዬ ነበሩ። ስድሳን ያለፉ ሹፌር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት በሰሊጥ እርሻዎቹና በጎንደር መካከል ሲመላለሱ ነው። ይህችኑ መኪና ሃያ ምናምን ዓመት ለአንድ ባለ እርሻ ነድተዋታል። ሰውየው አዲስ መኪና ሲገዛ አሮጌዋን በርካሽ ለቀቀላቸው፤ እሳቸውም ብሎን በብሎን ፈቷት።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። የዚህች ዓይነቷ ላንድሮቨር የላይ አካሏ አሉሚኒየም ስለሆነ አይዝግም። የሚዝገው ከሥር የተሸከማት ሻንሲ ነው። በቆላው ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ምድሩ ጭቃ ስለሚሆን፣ ሜዳ ላይ የቆመ ሻንሲ ከሥሩ ይበላል። እሷ ሁለት ክረምት እንዲህ አሳልፋለች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠሩኝ።

«አስተማሪ፣ ሒሳብ ታውቃለህ አሉ።»

«የማስተምረው እሱን ነው ጋሼ።»

«እንግዲያ ይህችን መኪና የምጨርስበት ቤት ያስፈልገኛል። ሦስተኛ ክረምት አትችልም። ሰሊጤን ሸጬ ሃያ ሁለት ሺህ ብር ይዣለሁ። ለቤቱ ስንት፣ ለመኪናዋ ስንት እንደሚሆን ለይተህ ጻፍልኝ።»

በጣም ደስ አለኝ። በጀት ሠርቼ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚሠራ ግን አውቅ ነበር። መጀመሪያ ያለውን ዕቃ መቁጠር፣ ቀጥሎ የጎደለውን መጻፍ፣ የሚተርፈውን ለቤቱ መመደብ። ስለዚህ በአንድ ቅዳሜ እሳቸው ገበያ በሄዱበት ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ፈታኋቸው። የፍሬኑን፣ የካምቢዮውን፣ የመሪውን ዕቃ እየለየሁ መዘገብኩ። መልሼ ስቋጥር በእያንዳንዱ ጆንያ አፍ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት አሰርኩ። ሥራው እስከ ማታ ወሰደኝ፤ ሲያልቅም ቆሜ አየሁት። የተስተካከለ ነገር ነበር።

እሳቸው ሲመጡ በቀጥታ ወደ ዛፉ ሄዱ። የአንዱን ጆንያ አፍ ዳሰሱ፣ ሁለተኛውን ዳሰሱ፣ ሦስተኛው ላይ ቆሙ።

«ቋጠሮዬን ማን ፈታው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ስም ጽፌበታለሁ፤ ይኸው፣ ‹ፍሬን› ይላል።»

«የቱ ጋ ነው የሚለው?»

ወረቀቱን አስጠጋሁላቸው። ማንበብ ያውቃሉ፤ በየቀኑ ዳዊት ይደግሙ ነበር፣ በቃላቸው መሆኑን ግን ልብ አላልኩም። ወረቀቱን አላዩም፤ ያዩት ከወረቀቱ በላይ ያለውን አጥር ነበር።

«አንድ ቋጠሮ ካምቢዮ ነበር» አሉ። «ሁለት ቋጠሮ ፍሬን፣ ሦስት መሪ። አንተ አስተማሪ ነህና ጻፍክበት።»

ከዚያ ተቀመጡና ነገሩን ነገሩኝ። የግራ ዓይናቸው ጠፍቷል። ቀኙን ደግሞ የዓይን ግፊት ከዳር ወደ መሃል እየበላው ነው፤ ጎንደር ያያቸው ሐኪም የሄደው አይመለስም፣ ጠብታው የቀረውን ያዘገየው እንደሆነ ነው ብሏቸዋል። ለማንም አልተናገሩም። ልጆቻቸው ከሰሙ መኪናዋን በኪሎ ይሸጧታል ብለው ፈርተዋል።

«ሳልታወር ልግጠማትና አንድ ቀን ልንዳት። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያድርጓት።»

እያዘዙኝ ቋጠሮዎቹን መልሼ ቋጠርኩ። ወረቀቶቹንም አላነሳኋቸውም፤ ጉዳት የላቸውም ብዬ።

በጀቱን በሳምንቱ ጨረስኩ። ምሰሶው ከደጋ የሚመጣ ባሕር ዛፍ፣ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። መካከል ላይ ደግሞ ሰው ቆሞ ከመኪናዋ ሥር የሚሠራበት፣ በብሎኬት የተገነባ ጉድጓድ። ጎንደር አንድ ጋራዥ ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ሽማግሌው በጀርባቸው ተኝተው ከሚሠሩ ቆመው ይሠራሉ ብዬ ነው። ቤቱ ከገንዘቡ ግማሽ ትንሽ አለፍ ይላል። ግርጌው ላይ ‹መጠባበቂያ› የሚል መስመር አሰመርኩ።

ዕቃውን የሚገጥመው መካኒክ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ለዓመታት የሠራ ጎንደሬ ነበር። ሥራ የሚፈታው ከኅዳር እስከ ግንቦት ነው፤ ሰኔ ሲገባ የእርሻው ትራክተሮች ስለሚነሱ አብደራፊ ይወርዳል። በጀቱን አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ይህ ጋራዥ ነው ወይስ የጫጉላ ቤት? ማንን ልትድርላት ነው?»

«ምኑ ነው የበዛው?»

«ሁሉም። ራኩባ ሥራላትና ሐላስ፣ በቃ!»

ራኩባ የሚሉት ጎኑ ክፍት የሆነ፣ በሽመል ቆሞ በሣር የሚከደን ጥላ ነው፤ ስሙም አሠራሩም ከሱዳን በኩል የመጣ ይመስለኛል። ቤንዚን ባለበት ቦታ ሣር እሳት እንደሚስብ፣ ክፍት ቤት ለሌባ እንደሚመች በዝርዝር አስረዳሁት።

«ጉድጓዱንስ? ዋልካ ጉድጓድ አይወድም» አለኝ።

«አፈር አይወድም፣ አይጠላም።»

«ክረምት ይምጣና አንተው ትጠይቀዋለህ።»

ሽማግሌው በእኔ ፈረዱ። «ሰው እንኳ ከሣር ቤት ወጥቶ ቆርቆሮ ገብቷል፤ እሷ ምን በደለች?» አሉ። በዚሁ ተዘጋ።

ስለ ዋልካ አሁን የማውቀውን ያን ጊዜ ባውቅ ኖሮ እንዲህ አልጽፍም ነበር። ጥቁሩ አፈር በበጋ ሲደርቅ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ውሃ ሲጠጣ ደግሞ እንደ ሊጥ ያብጣል። በላዩ የሚሠራ ሰው ዋልካውን ጠርጎ ያወጣና በቦታው ሰሌክት፣ ማለትም ጠጠር የበዛበት የማያብጥ አፈር፣ በመኪና አስመጥቶ ይሞላል። እኔ ያደግሁበት ደጋ ሁለት ክንድ ሲቆፈር ድንጋይ ይገኛል፤ መሬት ማለት የተሸከመውን ይዞ የሚቆም ነገር ነበር። ግንበኛው የወሎ ሰው ነው፤ ወደ አገሩ የመጣው በቀደመው ዓመት ቢሆንም ከእኔ የተሻለ ሰምቷል።

«ሰሌክት የለውም እንዴ ይኼ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«በጀት ውስጥ የለም።»

«እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ» አለና ቆፈረ።

ጋራዡ ግንቦት አጋማሽ ላይ ቆመ። መጠባበቂያውን ሲሚንቶው በልቶታል። ያም ሆኖ ያማረ ነበር፤ ሰፈሩ እየመጣ አየው፣ አንዳንዱም ሊከራይ ጠየቀ። መኪናዋን ጎማ ስለሌላት በግንድ ላይ እያንሸራተትን በሰው ኃይል አስገባናትና መልሰን ድንጋይ ላይ አስቀመጥናት። ሻንሲው ተበየደ፣ ተቀባ፣ ሞተሩ ተመለሰ። ቀጥሎ ግን ያላሰብኩት መጣ። የግንቦት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲመታው ውስጡ አያስቀምጥም። መካኒኩ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ገብቶ ሦስት ሰዓት ላይ ልብሱን ጨምቆ ይወጣል።

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት ዳቦ ቢደፉበት ያዋጣዎታል» ይላቸዋል፣ እኔ እንድሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

በቀን የሚሠራው ሦስት ሰዓት ብቻ ሆነ። በእኔ ስሌት ግን ስምንት ሰዓት ነበር። ስለዚህ ሰኔ ሲገባ ካምቢዮው አልተገጠመም፣ ፍሬን የለም፣ ጎማም አልተገዛም።

ሦስተኛው ዝናብ በዘነበ ማግሥት ጠዋት፣ ሽማግሌው በሬን አንኳኩ። ማታ ጋራዡ ሲጮህ ሰምተዋል። ገብቼ ሳይ ወለሉ መካከሉ እንደ ግመል ጀርባ ተነስቶ ለሁለት ተሰንጥቋል። የጉድጓዱን ግድግዳ ያበጠው አፈር ከሁለት ወገን ወደ ውስጥ ገፍቶታል፤ ብሎኬቶቹ ተንሸራተዋል፤ ውሃው ከጉልበት በላይ ነው። መኪናዋን የተሸከመው ድንጋይ ስለዞረ የፊቷ ግራ ጎን ወደ ጉድጓዱ ተንጋዷል። ጎረቤት ጠርተን፣ ግንድ ከሥሯ አስገብተን፣ እስከ እኩለ ቀን ወደ ኋላ ሳብናት። መካኒኩም ረድቶን በማግሥቱ አብደራፊ ወረደ። ሲሄድ መፍቻዎቹን ጠቅልሎ እጄን ጨበጠኝ። ቢሰድበኝ እመርጥ ነበር።

ሽማግሌው ክንዴን ይዘው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ።

«ስንት ይጠልቃል?»

«ወገብ ሊደርስ ነው ጋሼ።»

«እዚህ አገር ሰው ውሃ ፍለጋ ስንት ክንድ ይቆፍራል። አንተ ሳትፈልግ አገኘህ» አሉና ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ልናገር ስጀምር አቋረጡኝ። «እሱን ተወው። በፊት የዛፉን ጫፍ ከዚህ ሆኜ አየው ነበር። አሁን ግንዱን ነው የማየው። የሚቀጥለውን ንገረኝ።»

የሚቀጥለው ቀላል ሒሳብ ነበር፤ መልሱ ግን አይደርስም። ካምቢዮው ሁለት ጥርስና ኩሽኔታ ይፈልጋል። የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፍሬን ጎማዎች፣ አራት ጎማ አለ። በእጃቸው የቀረው ገንዘብ የዚህ ሲሶ አይሆንም፤ አዲስ ሰሊጥ ደግሞ እስከ ኅዳር የለም፤ እሱም የቤት ቀለብ ነው። ሦስት ጊዜ አስልቼ ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ ነገርኳቸው።

«ቤቱስ ስንት ያወጣል?» አሉኝ።

«ቢሸጥ ነው?»

«ቢፈርስ።»

አላሰብኩትም ነበር። ቆርቆሮውን ቆጠርኩ፤ ምሰሶውን ቆጠርኩ። ወለሉንና ጉድጓዱን ዜሮ አልኳቸው። ወዲያውኑ ማፍረስ ፈልጌ ነበር፤ እሳቸው ግን መኪናዋ ክረምቱን እስከ መስከረም ከሥሩ ማሳለፍ አለባት አሉ። ጣሪያው አንድ ጠብታ አላፈሰሰም፤ ከሠራሁት ሁሉ ልክ የነበረው እሱ ነው። እሳቸው ከእኔ የበለጠ የሚያውቁት ሌላም ነገር ነበር። በጥቅምት የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከደጋው ብዙ ሠራተኛ ይወርዳል፤ ባለ እርሻዎቹም መጠለያና መጋዘን ለማቆም ቆርቆሮ ይሻማሉ። ከጎንደር እስኪመጣ የሚጠብቅ የለም። እውነትም የእኛን አንድ ባለ እርሻ ከነምስማር ቀዳዳው፣ ከአዲሱ ዋጋ ትንሽ ብቻ በሚያንስ ገንዘብ ወሰደው። ምሰሶዎቹ ግን ከሥራቸው ምስጥ ጀምሯቸው ስለነበር ለማገዶ ሄዱ። በቆርቆሮው ገንዘብ የጎደለውን የመኪና ዕቃ ገዛን።

ጉድጓዱን በተሰባበረው ወለል ሞላነው። በግቢው ከፍ ባለው ጥግ ሁለት የቀን ሠራተኞች ሽመልና ሣር አምጥተው በአንድ ቀን ራኩባ አቆሙ፤ መኪናዋንም በግንድ አንሸራተን ከሥሩ አስገባናት። መካኒኩ በኅዳር ሲመለስ ከሩቅ አይቶት ቆመ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ።

«አስተማሪ፣ ዋልካውን ጠየቅኸው?»

«ጠየቅሁት።»

«ምን አለህ?»

«አንተ ያልከውን።»

«አይ እንግዲህ፣ ቶሎ የሚገባው ሰው ነህ» አለና መፍቻውን አወጣ። ከዚያ በኋላ አላነሳውም፤ ቤንዚኑን ግን እኔ ባልኩት መሠረት ከራኩባው አርቆ ማስቀመጥ ጀመረ።

ንፋስ በሚገባበት ጥላ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። ሽማግሌው ካምቢዮውን ራሳቸው ገጠሙ። ጥርሶቹን በሸራ ላይ ደርድረው፣ ዓይናቸውን ወደ ሌላ ቦታ አድርገው፣ በጣታቸው ብቻ እየለዩ ያስገባሉ። መካኒኩ ለመርዳት ሲጠጋ እጁን ይገፉታል። ጥር ላይ ዓለሙን በቱቦ እንደሚያይ ሰው ሆኑ። ፊቴን ካዩ ሸሚዜን አያዩም። ገና ፍሬኑ አልተጨረሰም ነበር፤ በየምሽቱ ስንት ቀን እንደሚቀር ይጠይቁኛል። እኔም ያለኝን ቁጥር እነግራቸዋለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ አንድ ቀን ቀንሼ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ሞተሩ ተነሳ። እሑድ ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የታጨደ ሜዳ መካኒኩ ነዳት፤ እዚያ ወርዶ መሪውን ለሽማግሌው ለቀቀ፤ እሱ ከጎናቸው፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ፍሪሲዮኑን ረገጡ፣ አንደኛ አስገቡ፣ ለቀቁ። አልተንቀጠቀጠችም። ሁለተኛ። በሜዳው ላይ የነበረውን የትራክተር ዱካ ይዘው ሄዱ። ጀርባቸው ቀጥ ብሏል፤ እጃቸው መሪው ላይ ቀለል ብሎ ተቀምጧል። ከኋላ ሆኜ ለማየት ስሞክር ዓይናቸው መታመሙን የሚናገር ምንም ነገር አልነበረም። መካኒኩ አንዴ «ትንሽ ወደ ቀኝ ጋሼ» አለ፤ ወደ ቀኝ አሉ። ሦስተኛ አስገቡ።

እንዲህ ጥቂት ከሄድን በኋላ ፍሬን ያዙ። መኪናዋ ሳትጎትት ቆመች።

«ፊቴ ያለው ምንድን ነው?»

«አህያ ነው» አለ መካኒኩ።

«ስንት?»

«ሦስት። ከኋላቸው ደግሞ ባለቤታቸው አለ።»

ሞተሩ በዝግታ ይሠራ ነበር።

«እኔ ያየሁት አንድ ነው» አሉ።

አህዮቹ የሰሊጥ ገለባ ተሸክመው እስኪያልፉ ጠበቁ። ከዚያ የእጅ ፍሬኑን ስበው ወረዱ፤ ኮፈኗን እየዳሰሱ በፊት በኩል ዞረው መጡና የመካኒኩን በር ከፈቱ።

«ውረድ። አንተ ንዳ።»

«ገና ነው እኮ ጋሼ፣ ሜዳው ሰፊ ነው፤ እኔ እነግርዎታለሁ።»

«ሰው ነበር ከኋላቸው። ውረድ አልኩህ።»

ተለዋወጡ። ስንመለስ ሽማግሌው ግራ እጃቸውን ካምቢዮው ክዳን ላይ አድርገው፣ ጭንቅላታቸውን ጠጋ አድርገው ያዳምጡ ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ ስንደርስ መካኒኩን አስቆሙት።

«ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስትመልስ አታስቸኩላት። መልሰህ ሞክር።»

መካኒኩ ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና ሞከረ።

«አሁን ሆነ» አሉ።