ጠጠር ያጣሁበት ምስር

ምስር ሰፌድ ላይ ሲንሿሿ ስሰማ ደባርቅ ያለው ቤታችን ድቅን ይልብኛል። ልጅ ሳለሁ እናቴ ታማ በጭነት መኪና ጎንደር ሆስፒታል ወስደዋት ነበር። ሞተር በሰማሁ ቁጥር አስከሬኗን ይዘው የመጡ እየመሰለኝ ወደ በር ስሮጥ፣ አክስቴ ብርቄ ሰፌድ ሙሉ ምስር ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ዓይንሽ ከጠጠሩ፣ ልብሽም ከዓይንሽ አይራቅ» አለችኝ።

ለቅሜ ስጨርስ ሌላ ታመጣለች። ጠጠሩ አያልቅም፤ እኔም እየለቀምኩ ትንፋሼ ረጋ ይላል። በሦስተኛው ቀን ወደ ጓዳ ብቅ ብል፣ የለቀምኩትን ጠጠር መልሳ ከምስሩ ስትደባልቅ አየኋት። ተመልሼ ተቀምጬ ሰፌዱን ጠበቅኩ።

እናቴ ድና መጣች። ዛሬ ሆስፒታል የተኛችው አክስቴ ናት። ስልክ እስኪደወልልኝ ምስር ልልቀም ብል፣ የሱቁ ምስር አንድም ጠጠር የለውም።

ከደጅ ጠጠር ዘግኜ ገባሁ።