ማግኔቱ የመረጠው ቦታ

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከደሴ ፒያሳ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ተነሣሁ። በቦርሳዬ የሞተር ንዝረት የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች ይዣለሁ፤ አንዱ በማግኔት የሚለጠፍ፣ ሌላው በማጣበቂያ የሚያያዝ። ለክፍላችን የሚገዛው የትኛው እንደሚሆን በአንድ ወፍጮ ቤት ሞክሬ እንድመርጥ የላኩኝ መምህራችን ናቸው። ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝና እንዳላሳፍራቸው ፈርቻለሁ።

መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ሲወርድ ጆሮዬ ተደፈነ። ሹራቤን ኮምቦልቻ ሳልደርስ አወለቅሁ። መናኸሪያው አጠገብ ሻይ በፓስቲ ቀምሼ ባጃጅ ያዝኩ።

ሦስት ሰዓት፣ ወፍጮ ቤት

ባለቤቱ ጋሽ ሰይድ አዛውንት ናቸው። የሞተራቸው ድምፅ ሰሞኑን ተለውጦባቸዋል። ሞተሩ ለጥገና ከወረደ ወፍጮው ሳምንት ይዘጋል፤ እህል ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ደግሞ በቅርብ ሌላ ወፍጮ የላቸውም።

ማጣበቂያው እስኪደርቅ ሴቶቹን ማስጠበቅ ስለከበደኝ በማግኔቱ ጀመርኩ። የሞተሩ አካል አልሙኒየም ስለሆነ አልያዘም። ከኋላ ያለው የማራገቢያው ቆርቆሮ ሽፋን ላይ ሳስጠጋው ግን ጥብቅ አለ። ቁጥሩ በጣም ከፍ ብሎ ወጣ። ሞተሩ መውረድ አለበት አልኩ።

ጋሽ ሰይድ ካቻቢቴ አንሥተው ጫፉን የሞተሩ ዘንግ በሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አዳመጡ። ከዚያ የት እንደለካሁ ጠየቁኝ። አሳየኋቸው።

«ልጄ፣ ሐኪም በካፖርት ላይ ያዳምጣል? ይቺ ልብሱ ናት። ሕመሙን ኩሽኔታውን ጠይቂው።»

«እንዲያ ከሆነ ለጋሽ ሰይድ ሞተር ልብስ ሰፊ ነው የሚያስፈልገው» አለች ከሰልፉ አንዷ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ግን አፈርኩ።

ኩሽኔታው አጠገብ ያለውን ዱቄት ጠርጌ ሁለተኛውን ሴንሰር አጣበቅሁ። እስኪደርቅ ማንም አላጉረመረመም። ቁጥሩ ትንሽና የተረጋጋ ሆነ። ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ሽፋኑን ስንነካካው ለካስ አንዱ ብሎን ላልቶ ኖሯል። ጋሽ ሰይድ ሞተሩን አጥፍተው አጠበቁት፤ ሲያስነሡት ያ ድምፅ የለም። ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ «አብሽሪ» አሉኝ። «ወላሂ፣ እኔም በወጣትነቴ ስንቱን ጤነኛ ሞተር አውርጃለሁ።»

ዘጠኝ ሰዓት፣ መልስ

ሽቅብ ስንወጣ ሪፖርቴን ጻፍኩ፤ የተሳሳተውን ቁጥርም አልደበቅሁም። የመረጥኩት የሚጣበቀውን ነው። ማግኔቱ ወደሚይዝለት ቦታ ሄዶ ተለጠፈ፣ እኔም ተከተልኩት፤ የሚለካበትን ቦታ መምረጥ የእኔ ሥራ ነበር።

ደሴ ገብቼ ሆጤ ስወርድ ብርዱ ተቀበለኝ። ሹራቤን መልሼ ለበስኩና ጋሽ ሰይድ ስለ ካፖርት ያሉኝን አስታውሼ ብቻዬን ሳቅሁ።