ልቤን በጀሪካን የመታሁ ዕለት

በሩ ተከፍቶ ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ጥግ ላይ በተቀመጠ ቢጫ ጀሪካን ላይ ነው። ክፍሉ የቤቴን ሳሎን ቢያክል ነው፤ አሥራ አንድ ሰው ተቀምጦበታል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ አረንጓዴ ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ቀቢው ደክሞት የተወው ይመስላል። ከፍ ብላ በተሠራች ትንሽ መስኮት የእንጦጦ ባሕር ዛፎች ጫፍ ይታያል። ከላምበረት መናኸሪያ የሚወጡት አውቶቡሶች ጥሩምባም ይሰማል። ከቤቴ የሃያ ደቂቃ የእግር መንገድ ብቻ መራቄን ሳስበው ተናደድኩ።

የታሰርኩት ከሌሎች መምህራን ጋር አንድ ደብዳቤ ላይ በመፈረሜ ነው። ያኔ ከሾላ ገበያ ጀርባ ባለ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። በጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲይዙኝ ኪሴ ውስጥ ጠመኔና አንድ እሽግ ኪኒን ነበር። ጠመኔውን ወሰዱ፤ ኪኒኑን መለሱልኝ። ኪኒኑ የጨጓራ ነው። ጨጓራዬን ግን አሞኝ አያውቅም።

የሚያመኝ ልቤ ነው። ከመታሰሬ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የጀመረኝ ነገር ነው። ድንገት ይነሳና ሁለቴ ዘሎ አንዱን ይውጣል፤ ይሮጣል፤ የቀረ እስኪመስለኝ ይቆማል፤ ደግሞ ይሮጣል። አንድ ሰዓት ከምናምን ሲያምሰኝ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ጸጥ ይላል። ሐኪም ፊት ስቀርብ ሁልጊዜ ጸጥ እንዳለ ነው። አንዱ ጨጓራ ነው አለኝ። ሌላዋ ቡና ቀንስ አለችኝ፤ ቡና አልጠጣም ስላት ሻይም ቢሆን አለች። ሦስተኛው፣ “መምህር ነህ? እንግዲያው ጭንቀት ነው” ብሎ ሳልጨርስ ማዘዣ ጻፈ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስለ ደም ዝውውር ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ስለ ገዛ ልቤ ሦስት ዓረፍተ ነገር የሚያስጨርሰኝ አላገኘሁም። እኔ ግን የሚሰማኝን አውቀው ነበር፤ አንድም ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም።

በገባሁ በአራተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ተነሳብኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። አጠገቤ የሚተኙት ሰው ከእንጦጦ ደብሮች የአንዱ መሪጌታ ናቸው። በደብሩ መሬት ጉዳይ ስብሰባ ላይ በተናገሩት ነው የታሰሩት። ፖሊሶቹም ሳይቀሩ በማዕረጋቸው ነበር የሚጠሯቸው።

“ምን ሆነሃል፣ መምህር?”

“ልቤ ነው፣ መሪጌታ። አሁን ይተወኛል።”

“እስቲ እጅህን አምጣ።”

አንጓዬን ይዘው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ሰዓት አላዩም። “ይሻልሃል” ብለውም አላጽናኑኝም። እስኪተወኝ ድረስ ይዘውኝ ቆዩና፣ “ከበሮ ላይ እንዲህ የሚመታ ተማሪ ቢኖረኝ አባርረው ነበር” አሉ። በዚህ በሽታ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ ወደ ሆስፒታል የሚወጣው እስረኞችን የምታይ ሐኪም ወረቀት የጻፈችለት ብቻ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ትመጣለች። ወጣት ናት፤ አንድ ፕላስቲክ ወንበር በራችን ላይ ይቀመጥላታል። ዓርብ ዕለት ግማሽ ደቂቃ ያህል አንጓዬን ይዛ፣ “ደህና ነህ። የታሰረ ሰው ይጨነቃል” አለችኝ። ከመታሰሬም በፊት የነበረብኝ መሆኑን ስነግራት ቀጣዩን እየጠራች ነበር።

ያን ቀን ፈራሁ። አባቴ በኔ ዕድሜ ነው፣ ሾላ ገበያ መሀል፣ ጤፍ እየሸመተ ሳለ ወድቆ የቀረው። ልቡን ያየለት ሰው አልነበረም። እኔ የምፈልገው ልብን ከሚመዘግበው መሣሪያ ፊት የምታደርሰኝን አንዲት ወረቀት ብቻ ነው። መፈታት እንኳ ከዚያ ቀጥሎ ነበር የሚመጣው።

ይህንን ለመሪጌታ ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ “በአፍ ካልገባት በእጅ እንነግራታለን” አሉ።

ቅዳሜና እሁድ፣ ሰኞም፣ ሕመሙ በተነሳ ቁጥር በግራ እጃቸው አንጓዬን ይዘው በቀኛቸው ጉልበታቸውን መታ መታ ሲያደርጉ ዋሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አዲስ ዜማ የሚያጠኑ ነው የሚመስሉት። ሰኞ ማታ፣ “ያዝኩት” አሉኝ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ጉዳዩን ስላወቀው ማክሰኞን እኩል ነበር የምንጠብቃት።

ሐኪሟ መጣች። ተራዬ ሲደርስ መሪጌታ ጀሪካኑን ባዶ አድርገው ጉልበታቸው መሀል አቆሙት።

“ዶክተር፣ የዚህን ሰው ልብ አንድ ጊዜ ስሚልኝ” አሉና መምታት ጀመሩ።

እንዴት ያምር ነበር! ያ የውሃ ዕቃ እንዲህ ያለ ድምፅ ይወጣዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ሹፌር ሳያስበው ትከሻው ተነቃነቀ። ሐኪሟም ፈገግ ብላ ሰማችና፣ “ይሄማ ሥርዓት ያለው ምት ነው፣ አባቴ። ፈጠን አለ እንጂ ደህና ነው” ብላ እስክሪብቶዋን አነሳች።

እውነቷን ነው። የሰማችው የኔን ልብ አልነበረም።

“መሪጌታ፣ አቃኑትኮ” አልኳቸው።

“ምኑን?”

“የሚዘለውን ሞሉት። የሚሮጠውንም ያዙት።”

እጃቸውን ገልብጠው አዩት። “ወይ ጉድ” አሉ ቀስ ብለው። “አርባ ዓመት ጎደሎውን እንዲሞላ ያስተማርኩት እጅ ነው። ዛሬ ተው ብለው ከየት ይስማኝ?” ጀሪካኑን ወደኔ ገፉት። “አንተው ምታው። ልቡ ያንተ ነው።”

ከበሮ መትቼ አላውቅም። ሠርግ ላይ እንኳ ከወንበሬ የማልነሳ ሰው ነኝ። አሥር ሰው፣ አንድ መሪጌታና አንዲት ሐኪም ያዩኛል። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ጨፈንኩና የማውቀውን መታሁ። ሁለት ቶሎ ቶሎ፤ ባዶ፤ አንድ ከባድ፤ አራት ተገፋፍተው የሚሮጡ፤ ደግሞ ባዶ፣ ሰው ቀና ብሎ እስኪያየኝ የቆየ ባዶ፤ ከዚያ እንደገና ሩጫ። ምንም ለጆሮ የሚጥም ነገር አልነበረውም። መሪጌታ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ልክ መምታቴን ያወቅኩት በዚያ ነው።

የበሩ ጠባቂ ብቅ አለ። “ምንድነው ይሄ ጭፈራ? በቃ!”

“አልጨረስኩም” አልኩት።

ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። እጄንም አላቆምኩም። ጠባቂው ወደ ሐኪሟ ዞረ። እሷ ሳታየው እጇን አነሳችና፣ “ይጨርስ” አለችው። እስከ መጨረሻው፣ ድንገት እስከሚረጋጋበት ድረስ፣ መታሁት።

እስክሪብቶዋ ወርዶ ነበር። “ሲጀምር ቀስ እያለ ነው ወይስ ባንዴ?”

“ባንዴ።”

“ሲተውህስ?”

“እሱም ባንዴ ነው።”

“ከቤተሰብ በድንገት የሞተ ሰው አለ?”

ስለ አባቴ ነገርኳት። በሁለት ዓመት ውስጥ ይህንን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አዳምጣ ስትጨርስ፣ “ለምን ባለፈው አልነገርከኝም?” አለች።

“ነግሬዎት ነበር፣ ዶክተር።”

አጎንብሳ ጻፈች። ወረቀቱን ስትሰጠኝ፣ “ይቅርታ ያድርጉልኝ” አለችኝ። መሪጌታ ጀሪካኑን ለጠባቂው አቀብለው፣ “በል እንግዲህ ውሃ አስሞላልን” አሉት።

እጄ በካቴና ታስሮ ሆስፒታል ሄድኩ። የመጀመሪያው ምርመራ ምንም አላሳየም። ግን ደብዳቤዋ ላይ የሰማችውን ዘርዝራ ጽፋው ስለነበር ቀንና ሌሊት የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ደረቴ ላይ አሰሩልኝ፤ እሱ ያዘው። ሕመሙ ስም ያለው፣ መድኃኒትም ያለው ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክስ ሳይቀርብብኝ ተፈታሁ። መሪጌታም ከኔ በኋላ ወጡ።

አሁን የምኖረው አያት ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መድኃኒቱን እየወሰድኩም ልቤ አንዳንዴ ይነሳብኛል፤ ያኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እስኪያልፍ እጠብቀዋለሁ። እንደ ድሮው አልደነግጥለትም። ለደብሩ በዓል እንጦጦ ስወጣ መሪጌታ ሰላም የሚሉኝ መዳፌን አልፈው አንጓዬን በመያዝ ነው። “ተማሪያችን እንዴት ከረመ?” ይላሉ። መልሱን ከኔ አይጠብቁም፤ ጣታቸው እስኪነግራቸው እንደቆምን እንቆያለን።

ባለፈው ወር የተመደበልኝ ሐኪም አዲስ ነው። ዓይኑ ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ መተየብ ጀመረ። ወንበሬን ሳብ አድርጌ ጠረጴዛውን መምታት ጀመርኩ።

“እሺ፣ ገብቶኛል” አለኝ።

“አልጨረስኩም” አልኩት።

እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ።