መሬቱ ኮምጥጧል አሉን
ገብሳችን ቢጫ እየሆነ መቅረት ከጀመረ ሦስተኛ ክረምቱን ይዞ ነበር። የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ፣ ገና ልጅ ናት፣ ከየማሳው አፈር ዘግና ደብረ ማርቆስ አስመረመረች። ተመልሳም «አባባ፣ መሬታችሁ ኮምጥጧል፤ ኖራ ይፈልጋል» አለችኝ። እሷ ከሄደች በኋላ ከማሳዬ ቆንጠር አድርጌ በምላሴ ነካሁት። አልኮመጠጠኝም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ኖራው በመኪና የሚመጣው ማሳቸው የተያያዘ ገበሬዎች ሁሉ ከተስማሙ ብቻ ነው ተባለ። ሰዉ ደግሞ በዕድሜዬ የተነሳ የእኔን አፍ ያያል፤ እሺ ካልኩ እሺ ነው። ጭንቀቴ ይኸው ነበር። የእኔ ማሳ ቢከሽፍ ለእኔ ነው፤ በእኔ ቃል የሰው ልጅ ዓመቱን ቢራብስ?

አብሮ አደጌም ድንበርተኛዬም የሆነው ሰው ከቅዳሴ ስንወጣ ያዘኝ።

«አንተ፣ በኖራ የሚለሰን መቃብር ነው። መሬቱን ሳይሞት ልትገንዘው ነው?»

«ታሟል ነው የሚሉት።»

«የታመምነውስ እኛ ነን! በበዓል እያረስን መሬቱ ምን ያድርግ? ምሕላ እንያዝ።»

«ምሕላውንም እንያዝ፣ ኖራውንም እንበትን።»

«ከበቀለ ታዲያ ማን አበቀለው ልትል ነው?»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቤቴ አቀናሁ። ጥያቄው ግን እስካሁን አብሮኝ አለ።

ምሕላው ተያዘ። ሲያልቅ እሺ አልኩ፤ ሰዉም እሺ አለ፣ ድንበርተኛዬም እያጉረመረመ። ኖራውን በተንን። ዝናቡ ግን ዘገየ፤ ማሳው ነጭ እንደሆነ ተጋደመ። ባለቤቴ በዚያ ባለፈች ቁጥር ታማትባለች። «ምነው?» ስላት «አንተው እየው» ትለኛለች።

ዘግይቶም ቢሆን ዘነበ፤ ዘራን። ገብሱ ጣት ያህል ብቅ ሲል ዓይኔ ስለደከመ ባለቤቴን ይዤ ወረድኩ።

«አረንጓዴ ነው ወይስ ቢጫ?»

«በቅሏል።»

«እሱንማ አየሁ፤ መልኩን ነው የጠየቅሁሽ።»

ጎንበስ ብላ ቅጠሉን ዳሰሰች። «አረንጓዴ ነው። አምናም እኮ መጀመሪያ አረንጓዴ ነበር» አለች።

ቀና ስል ድንበርተኛዬ ከወሰኑ ማዶ ቁጢጥ ብሏል። አፈር ቆንጥሮ ወደ አፉ ሲያስጠጋ ደረስኩበት።

«ኮመጠጠህ?» አልኩት።

ደነገጠ። «አንተን ኮምጥጦህ ነበር?»

ለካ ያን ቀን አይቶኝ ኖሯል። «አልኮመጠጠኝም» አልኩት።

«እኔንም አፈር አፈር ነው ያለኝ» አለ፣ ሳይስቅ። ሁለታችንም ወደ ቡቃያው ጎንበስ አልን።