ዶሪን ሃስኬት የሸፈነችው ፊት

ኦክቶበር 9 ቀን 2004፣ ቅዳሜ። ዶሪን ሃስኬት የወጥ ቤቷን በር ከላይ እስከ እጀታው ድረስ ቀለም ቀብታ የታችኛውን ግማሽ ለእሁድ አሳደረችው። ብሩሹን እንዳይደርቅ በላስቲክ ጠቅልላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትታዋለች። እሁድ ጠዋት ጎረቤቷ ስትገባ አልጋዋ ላይ፣ ጫማዋን እንዳደረገች አገኘቻት። አርባ አንድ ዓመቷ ነበር።

ስለ አሟሟቷ የወሲብ ፊልም በሚሠራበት ሸለቆ ውስጥ ብዙ ተወርቷል። መዶሻ ይዛ ሄዳ ነበር ያሉ አሉ፤ መዶሻ አልነበራትም። ሰክራ ነበር ያሉም አሉ፤ መጠጥ ከተወች ዓመታት አልፈዋል። የያዘችው ቅንድብ የምታስተካክልበትን ትንሽ መቀስ ነው። የሄደችውም የሰው ደሞዝ ልታስከፍል ነው።

ዶሪን ከፍሬዝኖ ወደ ቻትስዎርዝ ስትመጣ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነበረች። ያኔ የወሲብ ፊልም ከሲኒማ ቤት ወጥቶ ወደ ቪዲዮ ካሴት የገባበት ጊዜ ነው፤ ተዋናይ በጣም ይፈለግ ነበር። አምስት ዓመት ሠራች። አከፋፈሉ ያኔም አሁንም በትዕይንት ነው። ትዕይንቱን ጨርሰሽ ትፈርሚያለሽ፣ ቼክሽን ትቀበያለሽ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ ስሙ ተቀይሮ ቢሸጥ፣ ተቆራርጦ ከሌላ ጋር ተሰፍቶ ዳግም ቢሸጥ፣ አንዲት ሳንቲም አይደርስሽም። ሦስት መቶ ሃምሳ ዶላር የተከፈለችበት ካሴት ዘመኑ ካለፈበት በኋላ ዲቪዲ ሆኖ ሰፈሯ ያለ ሱቅ መስኮት ላይ ተሰቅሎ አየችው። ገብታ ዋጋውን ጠየቀች።

“ሃያ ዘጠኝ ዶላር” አላት ሻጩ፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

“ውድ ነው። ልጅቷ ያን ያህል አታወጣም” ብላው ወጣች። ይህን ለሰው ሁሉ እየሳቀች ታወራው ነበር።

ትወናውን ስትተው ሜካፕ ያዘች። እጇ ጥሩ ነበር። በሙቅ መብራት ሥር የማይቀልጥ፣ ላብ የማያወርደው፣ ውሃ የማይነካው ቀለም ከአንድ የቲያትር ዕቃ ነጋዴ ታስመጣ ነበር። ጠዋት ወንበሯ ላይ የሚቀመጡት ሴቶች ስለ ፍቅረኞቻቸው ሳይሆን ስለ ክፍያ ያወሯታል። አንዷ ለአንድ ትዕይንት ስምንት መቶ አገኘሁ ካለች፣ ዶሪን ፊቷን እየቀባች በሆዷ ትቀንሳለች፦ የደላላው ድርሻ፣ ከራስ ኪስ የሚከፈለው የየወሩ የደም ምርመራ፣ ጥፍሩ፣ ጫማው፣ ነዳጁ። ግማሹ ቢተርፋት ነው። ዋጋው ከፍ የሚለው ሕመሙ ከፍ ሲል ብቻ ነው። ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚታየው በበዛ ቁጥር ደግሞ ዲቪዲ ሻጮች ከዚያ የባሰ ነገር ይፈልጋሉ፤ የባሰ ማለት በዚያ ዓመት ዱላ ነበር።

ትሪና ሉዴል ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ቤከርስፊልድ አጠገብ መጋዘን ውስጥ ካሮት ታሽግ ነበር። ፊልም ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። መኪናዋን ባንክ ከወሰደባት ወዲህ ቀረጻ ባለ ቁጥር ዶሪን ናት የምታመላልሳት። ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ቀን ቀድሞ፣ ሐሙስ ዕለትም ዱዌን ሽራም የሚባለው ዳይሬክተር ወደተከራየው፣ ገንዳ ወዳለው ቤት ይዛት ሄደች። ክፍያው አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዶላር ነው፤ ትሪና እስከዚያ ቀን ይህን ያህል ተከፍሏት አያውቅም።

“አንድ ሺህ ሁለት መቶ ለምንድን ነው?” አለቻት ዶሪን፣ የዓይኗን ሽፋን እየቀባች።

“በጥፊ ነው። በመዳፍ ብቻ፣ ጉንጭ ላይ ብቻ። አንገት የለም።”

“ከማን ጋር?”

“ከሮይ።”

“ሮይ መዳፍ እንዳለው አላውቅም ነበር” አለች ዶሪን። ትሪና ሳቀች፤ መስመሩ ተበላሸና ዶሪን ጠርጋ እንደገና አሰመረችው።

የሥራው ደንብ የታወቀ ነው። አልቻልኩም የሚል ሰው አልጋውን በእጁ ደጋግሞ ይመታል፤ ካሜራው ይቆማል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም በተባለው ሄደ። ከዚያ ዱዌን ከካሜራው ጀርባ ሆኖ ጣቱን ወደ ላይ ያነሳ ጀመር፤ ጨምር ማለቱ ነው። ሮይ ጨመረ። መዳፉ ጡጫ ሆነ። አንዱ አፏ ላይ አረፈና የታችኛው ከንፈሯ በራሷ ጥርስ ተበሳ። ትሪና አልጋውን መታች። ሮይ ወደ ዱዌን አየ፤ ዱዌን ጣቱን አነሳ። ሮይ አንገቷን ያዘ። እጇ አልጋውን መምታቱን ቀጠለ፣ ከዚያ መምታቱ እየላላ ሄደ።

በዚህ ሥራ ሜካፕ ሠሪ ካሜራው ፊት አይገባም። ዶሪን የመብራቱን ምሰሶ በሁለት እጇ አንስታ ገባች። ምሰሶው ሮይ ትከሻ ላይ ሲያርፍ አምፖሉ ፈነዳ። ሮይ በክርኑ ደረቷን ብሎ ከግድግዳው ጋር አላተማት። ትሪና አንገቷ እንደተለቀቀ የሮይን ክንድ ነክሳ ሥጋውን ሳትለቅ ቆየች፤ ሮይ ጮኸና በሌላ እጁ ፀጉሯን ይዞ ራሷን ከአልጋው ጠርዝ ጋር አጋጨው። የገላገላቸው ኦገስቲን የሚባለው ካሜራማን ነው። ካሜራውን ሳያጠፋ መሬት ላይ አስቀምጦ ሮይን ከኋላ አንቆ ጎተተው።

ጸጥ ሲል የጎረቤት አትክልተኛ ቅጠል የሚያባርርበት ሞተር ተሰማ።

“ትዕይንቱ አላለቀም” አለ ዱዌን። “ላላለቀ አልከፍልም።”

“እስካሁን ያነሳኸውን ግን ትሸጠዋለህ” አለች ዶሪን።

“እሸጠዋለሁ እንጂ። ቀን ሙሉ ቤት የተከራየሁት ለመዋኘት መሰለሽ?”

ግን አንድ ነገር ቀረው። ያለሱ አከፋፋይ አይረከበውም። በቀረጻው መጨረሻ ተዋናይዋ ሁለት መታወቂያዋን ከጉንጯ አጠገብ ይዛ፣ ስሟንና ቀኑን ተናግራ፣ ማንም አላስገደደኝም፣ ደህና ነኝ ማለት አለባት። ቼኩ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። አፏ ያበጠ፣ አንገቷ ላይ ጣት የታተመባት ሴት ደህና ነኝ ብትል ማንም አይገዛውም።

“እንግዲህ” አለ ዱዌን፣ ወንበር ስቦላት፤ “ፊቷን አስተካክዪልኝ። ታውራልኝ፣ ሙሉውን እከፍላታለሁ። እምቢ ካላችሁ ደግሞ በባዶ እጃችሁ ሂዱ፤ በሩ ያውና።”

“በእጄ አልነካውም።”

“ዶሪን” አለች ትሪና። ቃሉ በእብጠቱ መሐል ተጣሞ ነው የወጣው። “ሥሪኝ። የቤት ኪራይ አለብኝ። ሥሪኝና እንሂድ።”

ዶሪን እብጠቱን በበረዶ አስተኝታ ሠራቻት። ለቀዩ ከሥር አረንጓዴ፣ ለወይን ጠጁ ቢጫ፣ በላዩ የቆዳዋን መልክ። የከንፈሯን ቀዳዳ በሰም ደፈነችው። አንገቷን እስከ ትከሻዋ ድረስ አለሰለሰችው፤ እንደ ልማዷም ለመብራቱ ሳይሆን ለቅርብ ካሜራ አድርጋ ሠራችው። ትሪና መታወቂያዎቿን ይዛ የሚባለውን ሁሉ አለች። ፈገግ በይ ሲላት ፈገግ አለች። ቼኩን ወሰደች።

መኪና ውስጥ ገብተው ፀሐይ ላይ ሲያዩት ነው ዶሪን ያደረገችውን ያወቀችው። በትሪና ፊት ላይ ምንም ነገር አልነበረም። ዛሬ የተመታች ሳትሆን ከዕረፍት የመጣች ነው የምትመስለው።

እንደዚያው በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። መስኮቱ ላይ የነበረው ፖሊስ ትሪናን ትክ ብሎ አያት።

“የቱ ጋ ነው የመታሽ?”

“ይኸው እዚህ። ሜካፕ ነው፤ ይታጠባል።”

“ታጠቢና ነይ።”

ያ ቀለም በውሃ አይለቅም። የሚያስለቅቀው ዘይት በግርግሩ የሜካፕ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍቶ ቀርቷል። ትሪና በጣቢያው መታጠቢያ ቤት በሳሙናና በወረቀት ፈገፈገችው፤ ዶሪንም አገዘቻት። ሲጨርሱ ሰሙ ከከንፈሯ አልወጣም፤ ፊቷም አንገቷም እኩል ቀልተው ነበር፤ የቱ የሮይ፣ የቱ የራሷ እንደሆነ አይለይም። ፖሊሱ “መቅላት ይታያል” ብሎ ጻፈ። ዱዌን ጋም ደወለ። ዱዌን በትሕትና መለሰለት፤ ልጅቷ በራሷ አንደበት ደህና ነኝ ያለችበት ቪዲዮ አለ፣ በፈለጋችሁ ሰዓት ኑና እዩት አለው።

ዓርብ ትሪና ክሊኒክ ሄዳ ከንፈሯን ተሰፋች፤ መድኃኒት ጻፉላት። ከዚያ ባንክ ገባች። ዱዌን ቼኩ እንዳይከፈል አዝዞ ነበር። ስልክ ስትደውልለት “ፖሊስሽ ይክፈልሽ” ብሎ ዘጋው።

ቅዳሜ ከሰዓት ዶሪን ብቻዋን ዱዌን ካሴቶቹን ወደሚያስቀምጥበት መጋዘን ሄደች። ትሪና ልምጣ ብላት ነበር፤ የመድኃኒት ማዘዣሽን ስጪኝና ተኚ አለቻት። መጋዘኑ ውስጥ የነበሩት ዱዌንና ኦገስቲን ናቸው፤ የሆነውን ሁሉ የተናገረው ኦገስቲን ነው። ዱዌን ስልክ ላይ እያለ ዶሪን መደርደሪያው ጋ ሄዳ የሐሙሱ ቀን የተጻፈበትን ካሴት አነሳች። መታወቂያው፣ ፈገግታው፣ ደህና ነኙ ያለው እሱ ላይ ነው። ክዳኑን ከፍታ ፊልሙን በጣቷ ሳበችና በመቀሱ ሁለት ስለት መሐል አደረገችው።

“አንድ ሺህ ሁለት መቶ” አለችው። “በእጄ። ቼክ አልፈልግም።”

“አብደሻል አንቺ ሴትዮ? እሱን ሰኞ ነው የማስረክበው።”

“ሰኞ ቅርብ ነው። ቶሎ በል።”

“ለአንዲት ካሮት አሻጊ ነው ይህን ሁሉ?”

“ካሮትም ሲያሽጉ ይከፈላል።”

ኦገስቲን ሳቀ፤ ዱዌን ዞሮ ገላመጠው። ዱዌን ከመሳቢያው ገንዘብ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ዶሪን አንሥታ ቆጠረችና ደረቷ ውስጥ ከተተችው። “በይ አምጪ” ብሎ እጁን ዘረጋ።

“ይሄ ለትሪና ነው” አለች። “የኔን የሐሙስ ቀን ግን አልከፈልከኝም።”

“መብራቴን ሰብረሽ?”

“አልከፈልከኝም። ስለዚህ ሥራዬን ወስጃለሁ” አለችና ፊልሙን ቆረጠችው። ደግማ ቆረጠችው። ቁርጥራጩን መሬት ላይ ጥላ በጫማዋ ረገጠችው።

ዱዌን ግድግዳው ጋ የተደገፈውን የመብራት ምሰሶ አነሳ። የመጀመሪያው ክንዷን አገኘ። ሁለተኛው ከጆሮዋ በላይ አረፈ፤ ኦገስቲን ድምፁን እንጨት ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው ነው ያለው። ዶሪን በጉልበቷ ወደቀች። ዱዌን ሆዷን ሁለቴ ረገጣት። ለሦስተኛው እግሩን ሲያነሳ መቀሱን ጭኑ ውስጥ ሰካችው፤ ጮሆ ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ኦገስቲን መሐላቸው ገባ። ዶሪን ጠረጴዛውን ይዛ ተነሳች፣ ፀጉሯን አስተካከለች፣ “ሐኪም ቤት ላድርስሽ” ሲላት “ሥራ አለኝ” አለችው፤ በራሷ እግር ወጣች።

ዱዌን ፍርድ ቤት ቀርቦ ተንሸራታ ነው የወደቀችው አለ። ኦገስቲን ያየውን ተናገረና ዱዌን ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ሮይ አልተከሰሰም። የትሪና ፊት ያለበት ፊልም ግን አልተሸጠም፤ ማንም አልተረከበውም። ሐኪሙ እንዳስረዳው የራስ ቅል ሥር የሚፈሰው ደም ለጥቂት ሰዓት ሰውን ያስኬዳል፣ ያነጋግራል፣ መኪናም ያስነዳል።

ዶሪን ከመጋዘኑ ወጥታ መድኃኒት ቤት ሄደች። የትሪናን ማዘዣ ሰጠችና ተራዋን ቆማ ጠበቀች። ባለመድኃኒቱ ደህና ነሽ ወይ ቢላት ራስ ምታት ነው አለችው፤ አስፕሪን ልስጥሽ ሲላት ቤት አለኝ አለች። ሂሳቡን ከራሷ ቦርሳ ከፈለች፤ ከትሪና ገንዘብ አልነካችም። ከመንገዱ ማዶ ቫኒላ ያለው የተበጠበጠ አይስክሬም በትልቁ ብርጭቆ ገዛችና ረሲዳ ሰፈር ወዳለው የትሪና ቤት ነዳች።

ትሪና በሩን ስትከፍት ዶሪን መጀመሪያ የሰጠቻት ገንዘቡን ነው። ትሪና ይዛው ቆመች።

“ከፈለ?”

“ከፈለ።”

“ጆሮሽ ጋ ምንድን ነው?”

“ነገ አወራሻለሁ። አሁን ስሚኝ፤ እንክብሉን ከበላሽ በኋላ ነው የምትውጪው። ባዶ ሆድሽን እንዳትወስጂው።”

“መች አኝኬ እበላለሁ?”

“ለዚያ ነው ይሄን ያመጣሁልሽ።” ብርጭቆውን ሰጠቻት። የመምጠጫ ቀሰሙን ግን ነቅላ ኪሷ ከተተችው። “በሱ አትምጠጪ፤ ስፌቱን ይስብሻል። በማንኪያ ነው።”

ማንኪያው ከመኪናዋ ቀርቶ ነበር። ደረጃውን ወርዳ አመጣችላት፣ በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠቻትና ወደ ቤቷ ሄደች።