ኤርዊን የሞላቸው ጥይቶች

ቬርና ሹልዝ ባሏን ኤርዊንን ከቀበረች ወዲህ ስታለቅስ ያየ የለም። እኛ የዚህ ደረቅ አገር ሰዎች ዝናብ ሲጠፋ ሐሜት ይበዛብናልና ብዙ ተባለባት። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ሴትዮዋ ደንዝዛለች። ምግብ ስንወስድላት ትበላለች፣ ሳህኑን አጥባ ትመልሳለች። በቃ ይኸው ነው።

ኤርዊን ነፍሱን ይማረውና ግትር ሰው ነበር። የኢላማ ጠመንጃውን ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ ከተለመደው አጥብቦ አሠራው። እንዲህ ያለ ጠመንጃ ከሱቅ የመጣ ቀለሃ እንዳለ አይስማማውም፤ የቀለሃው አንገት ዙሪያውን ተፍቆ መሳሳት አለበት። ባሩዱ ሲነድ አንገቱ ሰፋ ብሎ የጥይቱን እርሳስ የሚለቅበት የፀጉር ያህል ክፍተት ይፈልጋል። ያ ክፍተት ከሌለ እርሳሱ እንደታነቀ ይቀራል፣ ግፊቱ ይንራል፣ ጠመንጃው ተኳሹ ፊት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ኤርዊን ክረምቱን ጓሮው ካለው ቆርቆሮ ቤት ተቀምጦ ቀለሃ ሲፍቅ ይውል ነበር። ቬርና በደጉ ጊዜ፣ “ከእኔ አንገት ይልቅ የቀለሃ አንገት ዳብሰሃል” ትለው ነበር።

ሲሞት በገዛ እጁ የሞላው አንድ ሣጥን ጥይት ትቶ ሄደ። ቬርና ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም።

የተኩስ ክለባችን በስሙ ውድድር ባዘጋጀበት ቀን የእሱን ጠመንጃ ይዛ መጣች። የተኩሱ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ምንጣፏ ላይ ተኝታ አጎረሰች፤ የጠመንጃው መቀርቀሪያ አልዘጋም ሲላት በመዳፏ ትገፋው ጀመር። ተኩሱን በሙሉ አስቁሜ አጠገቧ ተንበረከክሁ። ጥይቱን አስወጥቼ አየሁት፤ ለራሷ ጠመንጃ የሞላችው፣ አንገቱ ያልተፋቀ ነው።

“ትንሽ ነው የጠበቀው፣ ኪት። ይገባል” አለች።

“መግባቱንማ ይገባል። ኤርዊን ይህን አልነገረሽም?”

“ነግሮኛል።”

ድምጿ ውስጥ ምንም አልነበረም። ያኔ ነው የፈራሁት። የእሱ ሣጥን የት እንዳለ ጠየቅኋት፤ መኪና ውስጥ ነው አለች።

“ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?”

“ከተኮስኳቸው ያልቃሉ።”

ቀለሃው ተመልሶ እንደሚሞላ ለእሷ መንገር ለቄስ መስቀል ማሳየት ነው፤ ቢሆንም ነገርኳት። “ባሩዱን የመዘነው እሱ ነው፣ ሁለተኛ የሚሞላው ግን የእኔ እጅ ነው” አለችኝ። ተናደድሁ።

“አንቺ ከምታልቂ እነሱ ይለቁ!”

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ቬርና ተነስታ ሣጥኑን አመጣች። የኤርዊን ጥይት ሲገባ መቀርቀሪያው በሁለት ጣት ተዘጋ። እያነጣጠረች፣ ሳትቸኩል ሁሉንም ተኮሰች። ጥሩ ተኮሰች፤ ያጨበጨበ ግን የለም።

በኋላ ጥላው ሥር ሻይ ሰጠኋት። ስኒውን እንደያዘች ሻዩ ሳይጠጣ ቀዘቀዘ።

“አለቅሳለሁ ብዬ ነበር። ምንም አልተሰማኝም” አለች። ስኒውን አስቀምጣም፣ “ያን መቀርቀሪያ ስገፋው ግድ አልነበረኝም፣ ኪት። ቢፈነዳም ባይፈነዳም” አለች።

ጠመንጃው ዛሬ እኔ ቤት ካዝና ውስጥ ይደር አልኳት።

“ይደር” አለች። መኪናዬ ላይ ስጭነው ቆማ አየችኝና፣ “እኔስ?” አለች።

ማታ ባለቤቴ የእንግዳ አልጋ አነጠፈችላት።