የጉንጭ ጥጥና የበርበሬው ዓመት

በቡታጅራ ዙሪያ፣ በመስቃን ቀበሌዎች እየዞርኩ ለጥናት የልጆችን ጉንጭ ከውስጥ በኩል በጥጥ ማሸት ከጀመርኩ ወዲህ እግሬም ምላሴም ዝሏል። ለእናቶች የማስረዳው ያው አንድ ነገር ነው። ዲኤንኤ ላይ የሚለጠፉ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ፤ ልጅ ሲያድግ ይለዋወጣሉ፤ ከእነሱ ተነስተን ሰውነቱ የስንት ዓመት ልጅ እንደሚመስል እንገምታለን። ግምቱን የምናስተያየው ግን ከትክክለኛው ዕድሜ ጋር ነው፤ ጣጣውም እዚያ ላይ ነው። «መቼ ተወለደ?» ስል «የአረፋ ማግስት» ይሉኛል። የትኛው አረፋ? «ያ በርበሬው የደረቀ ጊዜ ነዋ!» እኔ የወልቂጤ ልጅ ነኝ፤ የመስቃንን በርበሬ ታሪክ ከየት ላምጣው?

አንድ ቀን የአንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪን ጉንጭ አሽቼ ጥጡን ቱቦ ውስጥ ስከት፣ እናቷ ክንዴን ይዛ ወደ እንሰቱ ጥግ ወሰደችኝ። ባሏ ሞቷል። የባሏ ወንድም ከደላላ ጋር ተነጋግሮ ልጅቷን አረብ አገር ሊልካት ነው፤ በሰው በሰው ብሎም አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷታል የሚል መታወቂያ አስወጥቶላታል።

«እህቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፤ ይሄ ጥጥ ዕድሜ ያውቃል አይደል? ልጅ ናት ብለሽ ጻፊልኝ።»

እንዴት ብዬ እንደምነግራት ጨነቀኝ። ጥጡ ለጥናት የተወሰደ ነው፤ ውጤቱ ለየቤቱ አይታደልም፤ ለአንድ ልጅ ማስረጃ ይሁን ቢባልም ሊስት ይችላል። በዚያ ላይ መከራ ያየ ልጅ ሰውነቱ ከዕድሜው በላይ ሆኖ ሊገኝ ይችላል አልኳት።

ወደ ልጇ ዞር አለች። ልጅቷ ሕፃን ወንድሟን አዝላ ጀሪካን እያነሳች ነበር።

«እንግዲያ ይቅርብኝ» አለች። «ያዘለችውን ልጅና የቀዳችውን ውሃ ከቆጠረማ፣ አሮጊት ናት ነው የሚለው።»

ልስቅ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት። «በርበሬው የደረቀበትን ዓመት የሚያስታውሱ ሴቶች ይዘሽ ቀበሌ ሂጂ» አልኳት። ደክሞኝ ነበር።

ለሁለተኛው ዙር ስመለስ ልጅቷ የለችም።

«ሄደች» አለችኝ እናቷ። ሴቶቹን ሰብስባ ቀበሌ ሄዳ ነበር፤ ሁሉም ስለ በርበሬው መስክረዋል። የሰው አፍ አይበቃም፣ ወረቀት አምጡ ተባሉ። ወረቀት ያለው ደግሞ አጎትየው ነው። በጣም ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን ጠፋኝ።

ታናሽ እህቷ ያንኑ ሕፃን አዝላ ከጓዳ ወጣች። ጥጡን ስታይ ማንም ሳያዛት አፏን ከፈተችልኝ። ልማድ ሆኖብኝ «መቼ ተወለደች?» አልኩ። እናቷ አረፋንም በርበሬንም አላነሳችም። ወደ ውስጥ ገብታ በፌስታል የተጠቀለለ የልደት ምስክር ወረቀት አመጣች፤ ማኅተሙ ገና አዲስ ነው።

«የዚችን ዕድሜ እንኳ ማንም አይጨምርባት» አለችኝ።